ሕመሙ ከጠፋ በኋላ

ከሀዋሳ መሀል ከተማ ተነስቶ የዲላን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ ቱላ ይደርሳል። ቱላ በአስተዳደር የሀዋሳ አካል ናት፤ በኑሮዋ ግን ከተማውንም ገጠሩንም ይዛለች። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ይሰለፋል፤ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ የእንሰት፣ የቡናና የጫት ጓሮ ይጀምራል። ፀሐይ በረድ ስትል ክፍት ቦታ በተገኘበት ሁሉ ኳስ አለ። መሬቱ በበጋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል።

እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ የሚደርሰው ከባድ የጉልበት ጉዳት ብዙ ጊዜ ግጭት የለበትም። ተጫዋቹ ኳስ ይዞ እየሮጠ ነው። ተከላካይ ለማለፍ አንድ እግሩን ተክሎ ወገቡን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞራል። እግሩ መሬት ይዞ ይቀራል፤ ሰውነቱ ግን ይዞራል። ጉልበቱ ውስጥ «ቀጭ» ያለ ነገር ይሰማዋል፤ ይወድቃል። ዳኛው ፊሽካ አይነፋም፤ የነካው ሰው የለማ። ማታ ጉልበቱ አብጦ ሱሪ አላወልቅ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት እብጠቱ ይጎድላል፤ በአራተኛው ያለ ምርኩዝ መራመድ ይጀምራል። በስድስተኛው ሳምንት ጓደኞቹ «ዳንክ እኮ!» ይሉታል፤ እሱም ያምናል። ጫማውን አጥልቆ ሜዳ ይገባል። ያ ጉልበት ዳግመኛ የሚከዳው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው፤ ሁለተኛው መክዳት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት ትቶ ይሄዳል።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ስድስተኛ ሳምንትና ከእሱ በኋላ ስለሚመጡት ወራት ነው። ሕመም የሚጠፋበት ቀንና ጉልበት የሚድንበት ቀን አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ረጅም ወራት አሉ። ብዙ ወጣት ጉልበቱን የሚያጣው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው።

ከበረዶ የተገኘ ትምህርት

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በረዶ አይጋገርባትም። ሆኖም የቱላው ልጅ ጉልበቱ ላይ የደረሰውን ነገር ሐኪሞች በደንብ ካጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ የበረዶ ሸርተቴ ተራራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት፣ ሹገርቡሽ በተባለ የሸርተቴ ስፍራ፣ ሮበርት ጆንሰን የተባሉ የአጥንት ሐኪም ከካርል ኤትሊንገርና ከጃስፐር ሺሊ ጋር ሆነው የተጎዱ ሸርታቾችን በየዓመቱ ይመዘግቡ ጀመር። በጊዜው ሸርታቾችን በብዛት ያሰቃይ የነበረው የቅልጥም ስብራት ነበር። ጫማውን ከሸርተቴው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ሲወድቁ በጊዜ እንዲላቀቅ ተደርጎ ተሻሻለ፤ ስብራቱም በእጅጉ ቀነሰ። የጉልበት ጅማት መበጠስ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዛ። ጠንካራው ረጅም ጫማ ቁርጭምጭሚቱንና ቅልጥሙን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ፣ የመጠምዘዙ ኃይል ወደ ላይ ወጥቶ ጉልበት ላይ ያርፋል።

ተመራማሪዎቹ ሰዎች ሲጎዱ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን እየደጋገሙ አዩ። አንድ ዓይነት አወዳደቅ ደጋግሞ ታያቸው፦ ሸርታቹ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ዳሌው ከጉልበቱ በታች ይወርዳል፣ ክብደቱ በአንዱ ሸርተቴ የኋላ ጫፍ የውስጥ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ያ ረጅም ጫፍ በረዶውን ነክሶ ሲዞር እግሩን ይዞት ይዞራል፤ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። ከዚያ በሸርተቴ ስፍራዎች የሚሠሩ ሰዎችን ሰብስበው ቪዲዮዎቹን አሳዩ። እጃችሁን ወደ ፊት አድርጉ፣ ስትወድቁ እግራችሁን ገትራችሁ አትዘርጉ፣ መንሸራተቱ ሳይቆም ለመነሳት አትታገሉ አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ውጤት በሠለጠኑት ሠራተኞች ዘንድ ከባድ የጉልበት ጅማት ጉዳት በ62 በመቶ መቀነሱን አሳየ። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ የተለወጠው ሰዎች ሰውነታቸውን የሚይዙበት መንገድ ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያ የራሷ ሸርታች ነበራት። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ሰንደቅ ዓላማዋን ይዞ ገባ፤ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ተሳተፈ። ሁለቱንም ጊዜ የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ሸርተቴ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሸርተቴ ጫማው የሚታሰረው በጣቶቹ በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ ነፃ ነው፣ ሸርተቴውም ቀጭንና ቀላል ነው። ስለዚህም አገር አቋራጭ ሸርታቾች ከተራራ ቁልቁል ከሚወርዱት ይልቅ የጉልበት ጅማታቸውን የሚበጥሱት በጣም አልፎ አልፎ ነው።

ቱላ ሜዳ ላይ የሸርተቴውን ጫፍ ሥራ የሚሠራው የጫማው ጥርስ ነው። ጥርሱ መሬቱን ነክሶ ሲቀር እግር አይዞርም፣ ሰውነት ይዞራል፣ መሀል ላይ ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። ኢትዮጵያ የሩጫ አገር ናት፤ በረጅም ርቀት ወደ ፊት የሚሮጥ ሰው ባቱ፣ ቋንጃው፣ ተረከዙ ይጎዳ ይሆናል እንጂ ይህን ጅማት እምብዛም አይበጥስም። ጅማቱን የሚበጥሰው መታጠፍ፣ ድንገት መቆምና ከዝላይ ማረፍ ነው።

ሦስት ሳንቲ ሜትር

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ነው፤ ከፊት የጉልበት ሎሚ ይሸፍነዋል። አጥንቶቹን አራት ዋና ጅማቶች ያስተሳስሯቸዋል። ሁለቱ በግራና በቀኝ በኩል ይወርዳሉ። ሁለቱ ደግሞ መገጣጠሚያው ውስጥ እርስ በርስ ተሻግረው በመስቀል ቅርጽ ይቆማሉ። ከእነዚህ የፊተኛው፣ ሐኪሞችና የስፖርት ጋዜጠኞች «ኤሲኤል» የሚሉት፣ ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሥራው ቅልጥሙ ከጭኑ ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ከልክ በላይ እንዳይዞር መያዝ ነው። የወጣት ሰው ኤሲኤል ከመበጠሱ በፊት ከሁለት ኩንታል የሚበልጥ ጭነት እንደሚችል በላቦራቶሪ ተለክቷል። ይህን ያህል የሚችል ነገር ግን አንዲት ክፉ አስተራረፍ በቅጽበት ትበጥሰዋለች።

በጉልበቱ ውስጥ ጎን ያለው ጅማት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይጠግጋል፤ ዙሪያው ደም የሚያደርስለት ሥጋ አለው። ኤሲኤል ያለበት ቦታ ለዚህ አይመችም። መገጣጠሚያውን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ዙሪያውን ስለሚያጥበው፣ በተበጠሱት ጫፎች መካከል የረጋ ደም ተይዞ አይቆይም፤ ጫፎቹ የሚያያዙበት ድልድይ ያጣሉ። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች «ይህ ጅማት ከተበጠሰ በራሱ አይገጥምም» ብለው ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ይህን እምነት አላልቶታል። 80 ታካሚዎች ከጉዳቱ ብዙም ሳይቆዩ ጉልበታቸው 90 ዲግሪ ታጥፎ ለአራት ሳምንት በድጋፍ ታሰረ፤ በሦስት ወር በኤምአርአይ ሲታዩ 90 በመቶው የመግጠም ምልክት አሳዩ። ዘዴው ግን ገና በመጠናት ላይ ነው፤ እግር ታጥፎ መቆየቱ የደም መርጋት ሊያመጣ ስለሚችልም የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። በቤት ውስጥ በገመድ አጥፎ ማሰር አደጋ ነው።

ከኤሲኤል ጋር አብረው የሚጎዱም አሉ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ጭነት የሚከፋፍሉ፣ ሐኪሞች ሚኒስከስ የሚሏቸው ሁለት ጨረቃ መሳይ ልምጭ አጥንቶች አሉ። ጅማት የሌለው ጉልበት በከዳ ቁጥር እነዚህ ይቆነጠጣሉ፣ ይቀደዳሉ። በስድስተኛው ሳምንት ሜዳ የገባው ልጅ በሁለተኛው መክዳት የሚያጣው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ተቆርጦ የወጣ ሚኒስከስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ጉልበት በተጎዳ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ውስጡ የፈሰሰው አብዛኛውን ጊዜ ደም ነው። እብጠቱ በማግስቱ ቀስ ብሎ ከመጣ ጉዳቱ ቀለል ያለ የመሆን ዕድል አለው። በስፖርት ተጎድተው ጉልበታቸው ወዲያው ደም የቋጠረ ሰዎች ሲመረመሩ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ኤሲኤላቸው ተጎድቶ ይገኛል። ስለዚህ ታካሚው ለሐኪም መንገር ካለባቸው ነገሮች ሁለቱ «ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ» እና «በዚያው ምሽት አበጠ» የሚሉት ናቸው።

በብዙ ቤት ግን መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ ቋንቋው ይገባል፣ ዋጋው ይቀመሳል፣ ሌሊትም ይመጣል። ያልተወሳሰበ ወለምታ ሲያጋጥመው ብዙዎችን ረድቷል። ለትኩስ የጉልበት እብጠት ግን ማሸትና መጎተት ደሙን ይጨምራል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ካለም ያናጋዋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። ደም ዝውውሩ ተቋርጦ እግራቸው የሞተ፣ በመጨረሻም የተቆረጠ ሰዎችን የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አይተዋል። ቤተሰብ ወጌሻ መጥራቱን ባይተው እንኳ አንድ ነገር ይያዝ፦ የታሰረው እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ይፈታል፤ ታካሚው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ደጋግሞ ማድረግ፣ በክራንች መሄድ። እግሩ ክብደት ጨርሶ አልችል ካለ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ባቱ ቆይቶ ካበጠና ከሞቀ ነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ቱላ ያለ ታካሚ ለከባድ ጉዳት ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መድረስ ይችላል። ራጅ ስብራት መኖር አለመኖሩን ያሳያል፤ ጅማትን ግን አያሳይም። ጅማትን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፤ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል። ደግነቱ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ጥሩ ምርመራ አለ። ታካሚው በጀርባው ይተኛል። ሐኪሙ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያጥፋል፤ በአንድ እጁ ጭኑን ይይዛል፣ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤነኛ ጅማት ካለ ቅልጥሙ ጥቂት ሄዶ ድንገት ይቆማል። ከተበጠሰ የሚያቆመው ነገር የለም። ላክማን የሚባለው ይህ ምርመራ ስሙን ያገኘው ከፊላደልፊያው ሐኪም ከጆን ላክማን ነው፤ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆሴፍ ቶርግ ነው። ጉልበቱ ትኩስ ሆኖ ሲያም ታካሚው ሰውነቱን ስለሚገትር ውጤቱ አይታመንም፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መታየት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀዶ ሕክምና ወይስ ልምምድ

የተበጠሰ መስቀለኛ ጅማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰፋው እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዟ ሊድስ ነው። ሐኪሙ ሜዮ ሮብሰን፣ ታካሚው የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ ሐኪሞች በአብዛኛው አይሰፉም፤ ከታካሚው ከራሱ ሰውነት፣ ከቋንጃው ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት፣ ቁራጭ ወስደው በአጥንቱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ አሳልፈው አዲስ ጅማት ይተክላሉ።

ሁሉም ሰው ይህን ይፈልጋል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የስዊድን ጥናት 121 ወጣት ስፖርተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ በልምምድ ጀምረው ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ብቻ በኋላ እንዲደረግላቸው ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ስለ ጉልበታቸው የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ነበር። በልምምድ ከጀመሩት መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ሄዱ፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሳያስፈልጋቸው ቀረ።

ይህ ውጤት ቀዶ ሕክምናው ሩቅና ውድ ለሆነበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ጫት የሚለቅም፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በደንብ በጠነከረ ጭን ኤሲኤል ሳይኖረውም ሊኖር ይችላል። ሜዳማዋ ሀዋሳ ብስክሌት የለመደች ከተማ መሆኗም ይጠቅመዋል፤ ፔዳል መምታት ጉልበትን ሳያዞር ጭንን ያሠራል። ኳስ መጫወት ለሚፈልግ፣ ወይም በተራ እርምጃ ጉልበቱ ለሚከዳው ሰው ግን ቀዶ ሕክምናው ይመከራል። በሁለቱም መንገድ የሚሄድ ሰው የሚሠራው ልምምድ አንድ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም ከልምምዱ አያመልጥም።

ወራቱ

እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ጉልበት ለሳምንታት በጀሶ ይታሰር ነበር። ጀሶው ሲፈታ ጭኑ ከስቶ፣ ጉልበቱ ደርቆ ይገኛል። በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዶናልድ ሸልቦርን ትእዛዝ የማይሰሙ ታካሚዎቻቸውን ሲከታተሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከተፈቀደላቸው ቀደም ብለው ጉልበታቸውን የዘረጉትና የረገጡበት፣ ትእዛዝ ከሚያከብሩት የተሻለ ጉልበት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ታካሚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረቡ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ልምምድ መሠረቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ጉልበትን መዘርጋት ነው። በቤት ውስጥ ጋቢ ተጠቅልሎ ከተረከዝ ሥር ይደረጋል፤ ጉልበቱ አየር ላይ ይቀራል፤ ታካሚው የጭኑን ጡንቻ ገትሮ የጉልበቱን ጀርባ ወደ አልጋው ይጫናል፣ እስከ አምስት ይቆጥራል፣ ይለቃል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያበጠ ጉልበት ወደ ነርቭ በሚልከው ምልክት የጭንን ጡንቻ ያጠፋዋል፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ገትር» ሲባል ጭኑ አይታዘዝለትም። ጭን በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚከሳው በዚህ ነው። ውጤቱን ለማየት ታካሚው በሆዱ ተኝቶ ሁለቱን ቅልጥሞች ከአልጋው ጠርዝ አሳልፎ ያንጠለጥላል፤ ከኋላ የሚያይ ሰው የሁለቱን ተረከዞች ከፍታ ያስተያያል። የተጎዳው ተረከዝ ከፍ ብሎ ከቀረ ጉልበቱ ገና አልተዘረጋም። በመጀመሪያ ሳምንታት ያልተዘረጋ ጉልበት በኋላ እሺ አይልም፤ ሰውየውም ዕድሜ ልኩን ያነክሳል።

በዚህ ወቅት የቤቱ አሠራር ራሱ ይፈትናል። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ቤት ጉልበትን እስከ መጨረሻው ያጥፋል፤ ለሳምንታት ግን አይፈቀድም። መሀሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል። በርጩማ ይቀራል፤ ከፍ ያለ ወንበር ይፈለጋል። ስግደት ያለበት ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸልያል። ክረምት ከሆነ ከገጠር ቀበሌዎቹ ወደ አስፋልት የሚያወጣው ጭቃ ለክራንች መጥፎ ነው፤ ክትትሉን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ በዚያ ልክ ማቀድ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጠንከር ነው። የጂም መሣሪያ የሌለበት ቤት ጀሪካን አለው፤ አምስት ሊትር ውሃ አምስት ኪሎ ነው። ወንበር ላይ ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሳት፣ የበሩን ደረጃ በተጎዳው እግር መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ በኋላም ጀሪካኑን ይዞ ያንኑ መድገም፣ በመጨረሻ በአንድ እግር ብቻ ከወንበር መነሳት። በኢትዮጵያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብዙ አይደለም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ሲያሠለጥናቸው ቆይቷል፤ አብዛኞቹ የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ ባለሙያውን በወር አንድ ጊዜ እንኳ ማግኘት የቻለ ታካሚ ያን ቀን ለመታሸት አያውለው። የሚቀጥለውን ወር ልምምድ ተምሮ፣ ስህተቱን አሳርሞ፣ ጽፎ ይዞ ይመለስ።

እዚህ ላይ ነው ስድስተኛው ሳምንት የሚመጣው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሕመሙ የሚቀለው፣ አረማመዱ የሚያምረው ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ የተተከለው ጅማት በጣም የሚደክመውም በዚሁ ጊዜ ነው። የሲዳማ ገበሬ እንሰትን ነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተክል፣ ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድረስ ጠውልጎ ይቆያል እንጂ ወዲያው አያድግም። ጅማቱም እንደዚያ ነው፤ ከደም ሥሩ ተለይቶ ስለመጣ መጀመሪያ ይዳከማል፤ ከዚያ አዲስ የደም ሥር ይገባዋል፣ አዳዲስ ሴሎች ይሰፍሩበታል፣ ቀስ እያለ ጅማት ይሆናል። ይህ ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ጉልበቱ ውስጥ የሚካሄደውን ይህን ነገር ሰውየው በሕመም አያውቀውም። ልቤ ነገረኝ፣ አያመኝም፣ የሚለው መለኪያ እዚህ ላይ አይሠራም።

ቀስ ብሎ ቀጥ ያለ ሩጫ የሚጀመረው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ነው፤ እሱም ጉልበቱ ካላበጠና ጭኑ ከጠነከረ። ከሩጫው በማግስቱ ጉልበቱ ካበጠ ጭነቱ በዝቷል፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዝላይና መታጠፍ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ወደ ሜዳ

መቼ ነው መጫወት የሚቻለው? ከኖርዌይና ከአሜሪካ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጠ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ስፖርት መመለስን እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠኑ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የሁለቱ ጭኖች ጥንካሬ መቀራረቡም ሌላው ጠባቂ ሆኖ ተገኘ።

ዘጠኝ ወር ዝቅተኛው ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። አሜሪካዊቷ የቁልቁል ሸርተቴ ሻምፒዮን ሊንዚ ቮን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ኦስትሪያ ውስጥ ወድቃ ኤሲኤሏንና የውስጥ ጎን ጅማቷን በጠሰች። የዓለም ምርጥ ሐኪሞችና አሠልጣኞች ከጎኗ ነበሩ። የሶቺ ኦሊምፒክ እየቀረበ ነበርና ወደ በረዶው ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በልምምድ ላይ እንደገና ወደቀች፣ የተተከለው ጅማት በከፊል ተበጠሰ። ሶቺ አመለጣት። እንደገና ታክማ፣ እንደገና ተለማምዳ በ2018 በፒዮንግቻንግ በቁልቁል ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች።

የቱላ አሠልጣኝ ላቦራቶሪ ባይኖረውም ሜትር ሊኖረው ይችላል። ተጫዋቹ በጤነኛው እግሩ ብቻ ወደ ፊት ይዘላል፤ በዚያው እግር ሳይወላከፍ ማረፍ አለበት። ርቀቱ ይለካል። ከዚያ በተጎዳው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 90 በመቶ ካልደረሰ ገና ነው። በጤነኛው 150 ሳንቲ ሜትር የዘለለ ልጅ በተጎዳው ቢያንስ 135 መዝለል አለበት። አሠልጣኙ ርቀቱን ብቻ አይይ፤ ልጁ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከተጣመመ ርቀቱ ቢሞላም አልበቃም። ልኩ የሚወሰደው ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ቢሆን የበለጠ ይታመናል፤ በእረፍት ወራት ጤነኛው እግርም ይደክማልና።

ፍርሃትም አለ። በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከመቶ 81ዱ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ይመለሳሉ፤ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የሚመለሱት ግን 65 ናቸው፣ ወደ ውድድር ደግሞ 55። ጉልበታቸው ድኖ ልባቸው ያልዳነ በመካከላቸው አሉ። «ፈሪ» ብሎ ማሾፍ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ያለጊዜው ያስገባዋል፣ አለዚያም ለዘለዓለም ያስወጣዋል። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት ደግሞ ከአራቱ አንድ የሚጠጉት ወይ ያንኑ ወይ ሌላኛውን ጉልበት እንደገና ይጎዳሉ፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው፣ መድኃኒቱም ልምምድ ነው።

ሴት ተጫዋቾች በተመሳሳይ ስፖርት ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ለዚህ ጉዳት የተጋለጡ ናቸው። ሀዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ያለው ክለብ ነው፤ በየሰፈሩ ኳስ የሚጫወቱ ልጃገረዶችም እየበዙ ነው። በ12 ዓመት ውስጥ ምን እንደሚከተል ከስዊድን የመጣ ጥናት አሳይቷል፦ ኤሲኤላቸውን ከበጠሱ ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ሳሉ በራጅ የሚታይ የመገጣጠሚያ መበላት ነበረባቸው፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም ያልተደረገላቸውም።

ከዚህ የሚያድን ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ፊፋ «11+» ብሎ ያሰራጨው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ኳስ ብቻ ይበቃዋል። ሩጫ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ሆድንና ወገብን ማጠንከር፣ ቋንጃን ማጠንከር፣ ዘሎ ጉልበትን ሳያጣምሙ ቀስ ብሎ ማረፍ አሉበት። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ልጃገረዶች ላይ ሲሞከር፣ የሠሩት ቡድኖች ከባድ ጉዳታቸው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። የሚጠቅመው ግን ሳይቋረጥ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲሠራ ነው። የሸርተቴ ስፍራ ሠራተኞቹን ያዳነው ትምህርትም ይኸው ነበር፤ ሰውነትን በአደጋው ቅጽበት እንዴት መያዝ እንዳለበት አስቀድሞ ማስለመድ።

ጉዳቱ ከደረሰ ደግሞ ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙና ቤተሰቡ በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጠው ቀን መቁጠሪያ ይክፈቱ። በኅዳር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ዘጠነኛ ወሩ ነሐሴ ነው። የዘንድሮው ውድድር አልፎታል፤ የሚዘጋጀው ለመጪው ዓመት ነው። ይህ በግልጽ ሲነገር ያስለቅሳል፤ ነገር ግን ልጁ በየሳምንቱ «መቼ ልግባ?» እያለ ከመጠየቅ ያርፋል፣ አሠልጣኙም ሌላ ተጫዋች ያዘጋጃል። የጉልበት ሥራ ሠርቶ የሚያድር ከሆነ ቤተሰቡ ተሸክሞ ከመሥራት የሚያርፍባቸውን የመጀመሪያ ወራት እንዴት እንደሚሸፍን ያስባል፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ካለ በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ክለቡም ዘጠኙን ወር ከነትራንስፖርቱና ከነክትትሉ የሕክምናው ክፍል አድርጎ ይያዘው፤ ለቀዶ ሕክምናው ብቻ ከፍሎ ልጁን በስድስተኛው ሳምንት ለብቻው አይተወው።